ቀለበቱ ውስጥ የሮጠው ገመድ

«የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለ መንገድ መሪው።

መርማሪዋ ገና ከመኪና መውረዷ ነበር፤ ልብሷ ላይ የተኛውን አቧራ እንኳ አላራገፈችም። ሰውየው ከእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ተነሥቶ፣ ሁለት እጆቹን ከፊቱ አጋጥሞ ቆሞ ጠበቃት። እጁ አልታሰረም። እሱ ግን እንደ ታሰረ ሰው ነበር የያዘው።

«ምኑን ነው የሚፈርሙት፣ ጋሼ?»

«ቃሌን ነዋ። ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሞቷል። ሌላ ምን ይጻፋል?»

ከጀርባው ተራራው ቆሟል። ቅጠል የሚባል የሌለበት፣ ከሥር እስከ አናቱ ድንጋይ ብቻ የሆነ፣ በረሃው መካከል ብቻውን የበቀለ ጉድ። ከትናንት በስቲያ ከከተማ የመጡ አራት የቴአትር ቤት ሰዎች እሱን ተከትለው ወጡ። ጫፉ ሥር ባለው ቀጥ ያለ ቋጥኝ ሲወርዱ አዘጋጁ ወደቀ፤ ገመዱም አብሮት ወረደ። አልተቆረጠም፣ አልተበጠሰም። ስለዚህ የተፈታው ቋጠሮው ነው፤ ቋጠሮው ደግሞ የመንገድ መሪው ነው። የአካባቢው ፖሊስ ነገሩን እዚያ ላይ ዘግቶታል። ነገ ጠዋት ወደ ማረሚያ ቤት የሚወስደው መኪና ይመጣል።

«ለቤተሰብ ተነገረ?» አለች መርማሪዋ።

«የሟቹን ቤተሰብ ፖሊሶቹ ነገሩ። የኔን እኔው ነገርኩ።» ዓይኑን ወደ ተራራው መለሰ። «ከሌላ አፍ ከሚሰሙት ብዬ ለልጆቼ ደወልኩ። አባታችሁ በዝርክርክነቱ ሰው ገደለ አልኳቸው።»

የሥራ ባልደረቦቿ መርማሪዋን «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች አይደለም፤ እንዲያውም ደልደል ያለች ሴት ናት። የተዘጋ የሚመስለው ነገር ላይ የምትገባበት ቀዳዳ ስለማታጣ ነው። አሁንም ለሰውየው ወረቀት አላቀረበችለትም።

«ፊርማው ይደርሳል» አለችው። «መጀመሪያ ሟቹን ልየው።»

አስከሬኑ በማረፊያው የዕቃ ግምጃ ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። አዘጋጁ ጠና ያለ፣ ንጹሕ አለባበስ ያለው ሰው ነበር። ሸሚዙ ቁልፉን በቀዳዳ የሚያሾልኩበት ዓይነት አይደለም፤ በጣት ተጭነው ጠቅ የሚያደርጉት ነው። ጫማው ክር የለውም፤ በማጣበቂያ የሚዘጋ ነው። ጣቶቹን ተመለከተች። መገጣጠሚያዎቹ አብጠው፣ ወደ ውስጥ ጎብጠው የቀሩ ናቸው፤ የውድቀቱ ሳይሆን የቆየ ሕመም ሥራ። ከዚያ መዳፉን ገለጠች። ገመድ የላጠው ሰንበር አለ። ጎን ለጎን የሄዱ ሁለት ሰንበሮች።

ረጅም ጊዜ አየቻቸው። አንድ ገመድ ይዞ የወረደ ሰው መዳፍ ላይ ሁለት ሰንበር ምን ያደርጋል?

የቴአትሩ ሰዎች በመመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ሐዘን ሰውን ያሰባስባል፤ እነዚህ ሦስቱ ግን አንዱ መስኮቱ ጋ፣ አንዷ በሩ ጋ፣ አንዱ ማዕዘን ላይ ተበታትነው፣ ማንም የማንንም ዓይን ሳያይ ተቀምጠዋል። መርማሪዋ ብዙ የሐዘን ቤት አይታለች። ይኼ ግን የሐዘን ዝምታ አልመሰላትም። ሲሰርቁ የተያዙ ልጆች ነው የመሰሏት።

መስኮቱ ጋ ያለው ዋናው ተዋናይ ነው። ሁልጊዜ ንጉሥ ሆኖ ስለሚጫወት ከመድረክ ውጭም «ንጉሡ» እየተባለ ይጠራል፤ ስሙም ተስማምቶታል። ቁመናው ያማረ፣ ድምፁ አዳራሽ የሚሞላ ሰው ነው። ሁለት እጆቹ ግን ኪሱ ውስጥ ነበሩ፤ ሲነሣም፣ ሲቀመጥም፣ ሲያወራም አላወጣቸውም።

«አወራረዳችሁን ንገረኝ» አለችው።

«መንገድ መሪው ቀድሞ ወረደ። ቀጥሎ የመድረክ ሠራተኛው ሻንጣዎቹን ይዞ። ከዚያ ተዋናይቷ፣ ከዚያ እኔ። መምህር መጨረሻ ቀረ።» አዘጋጁን ሁሉም የሚጠሩት መምህር እያሉ ነበር።

«እሷ እንዴት ወረደች?»

«እንደ ማናችንም። ገመዱን ይዛ።»

«ገመዱን የነካው ሰው አለ? የፈታ፣ ያጠበቀ?»

«ማን ይነካዋል? እኔ እንኳ ስለ ገመድ የማውቀው ነገር የለም። በሕይወቴ ካባ እንጂ ገመድ ይዤ አላውቅም!» ለመሳቅ ሞከረና አልሆነለትም።

ተዋናይቷ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ቀስ ብላ፣ ግራ እጇን ጎኗ ላይ ደግፋ ነው። በመድረክ ላይ ጦር ሰብቃ የምትፎክር ሴት ናት ይባላል። አሁን ድምፅዋ ከአንገቷ በላይ አይወጣም።

«አመመሽ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩ። መንገዱ ነው።»

«እንዴት ወረድሽ?»

«ገመዱን ይዤ፣ እንደ ሁሉም።»

ቃል በቃል እንደ ንጉሡ። መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀች፣ ጻፈች፣ አመሰገነቻት። ተዋናይቷ ስትነሣም ጎኗን ያዘች።

ማዕዘን ላይ ያለው ጠጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው ሰፊ የመድረክ ሠራተኛ ነው። መጋረጃና የጀርባ ሥዕል የሚወጣና የሚወርደው በሱ እጅ ስለሆነ «ጋሽ ገመድ» ይሉታል። ሲጠራ ተነሥቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ተቀመጥ እስኪባል ቆመ።

«ገመዱን ከአስከሬኑ አጠገብ አንሥተው የጠቀለሉት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ልማድ ነው። ገመድ መሬት ላይ ተዝረክርኮ ማየት አልችልም። ሰው ይጠልፋል።»

«የሞተ ሰው አጠገብም?»

ሽማግሌው ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ አዟዟረው። «አሳፋሪ ነው፤ አውቃለሁ» አለ።

«ሲጠቀልሉት ያዩት ነገር አለ?»

«ገመድ ነው፣ እመቤቴ። ከገመድ ምን ይታያል?»

ከዚህ በኋላ አፉ በመፈልቀቂያም የሚከፈት አልሆነም።

ፀሐዩ በረድ ሲል መርማሪዋ መንገድ መሪውንና አንድ ፖሊስ አስከትላ ወደ ቋጥኙ አናት ወጣች። መንገዱ መንገድ አይባልም፤ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ መንጠላጠል ነው። ሁለት ጊዜ ተቀመጠች፣ አንድ ጊዜ ተሳደበች።

«ይኼን በደስታ የሚወጣ ሰው አለ ማለት ነው?»

«ከፍለው ነው የሚወጡት» አለ መንገድ መሪው። ከመጣች ጀምሮ ፊቱ ሲፈታ ያየችው ያኔ ብቻ ነው፤ ወዲያው ደግሞ እንደማይገባው ሰው ሰበሰበው።

ቋጥኙ የፎቅ ቤት ያህል ቁመት አለው። አናቱ ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት ተተክሏል፤ ግርጌው ሰው የሚቆምበት ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ከጠፍጣፋው ድንጋይ በስተቀኝ መንገዱ ጥግ ይዞ ሲታጠፍ፣ ከታጠፈው በኩል ቆሞ ቋጥኙን ማየት አይቻልም።

«እርስዎ ቀድመው የወረዱት ሰው ለመቀበል ነው። ታዲያ ሰውየው ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«ጥግ ዞሬ።»

«ለምን ዞሩ?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። «እሱን አልናገርም። የሰው ገመና ነው። ጥፋቱ ግን የኔ ነው፤ ታች መቆም ነበረብኝ።»

«ብቻዎን ነበሩ?»

«ጋሽ ገመድ ከጎኔ ነበሩ፤ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው። ጩኸቱን አብረን ነው የሰማነው።»

«ምን የሚል ጩኸት?»

«‹ወንድም ጋሼ!› የሚል። የወንድ ድምፅ ነው። የወደቀው ሰው ወንድም እዚህ አለው እንዴ ብዬ አስቤ ነበር። በኋላ ግርግሩ ሲመጣ ረሳሁት።»

መርማሪዋ ቀለበቱን በጣቷ እየዳሰሰች ነበር። ውጭው በዝገት ተሸፍኗል፤ የውስጡ ከንፈር ግን አንድ ቦታ ላይ ተፍቆ ብረቱ ያበራል። ከቦርሳዋ ገመዱን አውጥታ ዘረጋችው። ያረጀ፣ ፀሐይ ያደረቀው፣ አንዴ ያጠፉት ቦታ እጥፋቱን የማይለቅ ገመድ ነው። ቡናማው የዝገት ቀለም ከጫፉ ጀምሮ እስከ ገመዱ አጋማሽ ድረስ ተለቅልቋል።

«እንደዚያ ቀን አድርገው ይቋጥሩልኝ» አለችው።

መንገድ መሪው ጫፉን ቀለበቱ ውስጥ ሁለቴ አዙሮ፣ በራሱ ላይ ጠምጥሞ ቋጠረው። የተረፈው ጭራ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ፖሊሱና እሷ ተጋግዘው ሳቡት፤ ፍንክች አላለም። ሲፈታው ግን ገመዱ ላይ የቀረው እጥፋት ቀድሞ ከነበረው ጋር አይመሳሰልም። የቀድሞው ከጫፉ ብዙ ራቅ ብሎ፣ ገመዱ ለሁለት ታጥፎ የተጨመቀበት ስለታም እጥፋት ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «ገመዱን እንዲህ አጥፈው የሚያስሩበት ጊዜ አለ?»

አጎንብሶ አየው። «እንዲህ አድርጌ አላውቅም» አለ።  መርማሪዋም ተስፋ ልትሰጠው አልፈለገችም። ገና ግማሹን ነው ያወቀችው።

ገመድ እንዲህ የሚያጥፍ ሰው ፍለጋ ሌሊቱን አሽከርክራ ከተማ ገባች፤ በማለዳ ቴአትር ቤቱ ጓሮ ደረሰች። መድረኩ ጀርባ ለተመልካች ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ይበዛል፦ ጣሪያው ድረስ የወጡ ገመዶች፣ ተጠቅልለው የተንጠለጠሉ ሥዕሎች፣ ግድግዳው ላይ በተርታ የተመቱ የብረት ቀለበቶች። የልብስ ክፍሉን ኃላፊ፣ አፏ ውስጥ ስፒል የያዘች ባልቴት፣ አንድ ካባ ስትሰፋ አገኘቻት።

«እነዚህን ገመዶች እንዲህ የሚያስራቸው ማን ነው፣ እማማ?»

«ጋሽ ገመድ ነው፣ ልጄ። ሌላ ማን ሊነካቸው!»

«አንዱን ልፍታ?»

«ጭራውን ሳቢዋ። ራስሽን ጠብቂ ብቻ!»

መርማሪዋ ወደ ላይ ታጥፈው ከተሰኩት ጭራዎች አንዱን ሳበች። ቋጠሮው እንዳልነበረ ሆነ፤ ከላይ የተሳለ ጫካ ሽው ብሎ ወርዶ አፍንጫዋ ሥር ቆመ።

«ትዕይንቱ ሲቀየር ተመልካች አይጠብቅማ» አለች ባልቴቷ እየሳቀች። «በጭነቱ በኩል ዝሆን ቢንጠለጠልበት አይፈታም። ጭራውን የነካሽ ጊዜ ግን ድራሹ ይጠፋል። ለዚያ ነው ጭራው ወደ ላይ የሚሰካው፤ ሰው ተሳስቶ እንዳይዘው።»

ቀለበቶቹ ላይ ያሉት ሌሎቹ ገመዶች ሁሉ ያንኑ ስለታም እጥፋት ይዘዋል።

«ከጋሽ ገመድ ሌላ ይህን የሚያውቅ አለ?»

ባልቴቷ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች፤ ዞር ዞር ብላ አየች። «አትናገሪ የተባልኩትን ነው የምታናግሪኝ። ንጉሡ እዚሁ ገመድ ሥር ነው ያደገው። ገና ልጅ እያለ ጋሽ ገመድ አመጣው፤ ያጎት ልጅ ይሁን የጎረቤት እንጃ። ጎበዝ ገመድ ሳቢ ነበር። አንድ ቀን መምህር ድምፁን ሰማና መድረክ ላይ አወጣው። ከዚያ ወዲያ እዚህ ጓሮ በእግሩም አልረገጠ። ያንን ዘመን ያነሣበት ሰውማ…» ካባውን አራገፈችና ተወችው።

መርማሪዋ ተራራው ሥር ስትመለስ የማረሚያ ቤቱ መኪና ደጅ ቆሟል። መንገድ መሪው ትንሽ ላስቲክ ከረጢቱን ይዞ በረንዳው ላይ ይጠብቃል። «ትንሽ ይቆዩ» አለቻቸው ለጠባቂዎቹ፤ ሁሉንም ወደ አዳራሹ አስገባች።

«ማንም እንዲያፍር ብዬ አይደለም የሰበሰብኳችሁ» ብላ ጀመረች። «ስታፍሩ እንደከረማችሁ ያስታውቃል። እዚህ ያላችሁት ሁላችሁም አንዳንድ ነገር ደብቃችኋል፤ አራቱ ድብቅ ነገር ሲገጣጠም አንድ ንጹሕ ሰው ወህኒ ሊያስገባ ነው።»

ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«መንገድ መሪው እንዳሰረው ቢቆይ ኖሮ ዝገቱ የሚነካው ጫፉን ብቻ ነው። ይኼን ግን ግማሹ ድረስ ዝገት ነክቶታል፤ ቀለበቱም ከውስጥ ተፍቋል። ገመዱ ቀለበቱ ውስጥ ሮጧል ማለት ነው። ገመድ ቀለበት ውስጥ የሚሮጠው ደግሞ ከባድ ነገር በቀስታ ሲያወርዱበት ነው። ለዚያ መጀመሪያ የመንገድ መሪው ቋጠሮ መፈታት አለበት። ሻንጣዎቹ አስቀድመው ወርደዋል። እንግዲህ የወረደው ሰው ነው።» ወደ ተዋናይቷ ዞረች። «እህቴ፣ ጎንሽን ገመድ ነው የላጠው።»

ተዋናይቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ከታች ሆናችሁ አትዩኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለች ከእጆቿ ውስጥ። «ቁልቁል ሳይ ፈራሁ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እነሱ ጥግ ዞሩልኝ። ከዚያ ወገቤን አስረው እንደ ጆንያ አወረዱኝ። ለማንም አትናገሩ ብዬ አስማልኳቸው። መምህር ከሞተ በኋላም… መድረክ ላይ የምሆነውንና ያንን ጆንያ ሳስበው አፌ አልፈታ አለኝ። ይኼን ያህል ለውጥ ያመጣል አላልኩም!»

መንገድ መሪው ከበሩ ሥር ሆኖ፣ «እኔም ያልተናገርኩት ለዚያ ነው» አለ በቀስታ።

«አውቃለሁ» አለች መርማሪዋ። «የሰው ገመና እጠብቃለሁ ብለው አንገትዎን ሰጡ። አሁን የቀረው፣ እሷ ከወረደች በኋላ ገመዱን መልሶ ያሰረው ማን ነው የሚለው ነው። እጥፋቱ የመድረክ አስተሳሰር ነው፤ ጭራው ሲሳብ የሚፈታ።»

«እኔ ነኝ!» ጋሽ ገመድ ብድግ አለ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «እኔ ነኝ ያሰርኩት። ይኸው፣ እኔን ውሰዱኝ!»

«እርስዎ ጥግ ዞረው ሻንጣ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መንገድ መሪው ከጎንዎ። ገመዱን ሲጠቀልሉ ግን እጥፋቱን አዩ። የማን እጅ እንደሆነም ያን ጊዜ አወቁ።»

ሽማግሌው ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨመቀ።

«ከላይ የቀሩት ሁለት ናቸው» ብላ ቀጠለች። «መምህር ጣቶቹ የሸሚዝ ቁልፍ አይገጥሙም፣ የጫማ ክር አያስሩም። ቋጠሮ ሊቋጥር አይችልም። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ጭራውን ወደ ላይ ሳይሰካ፣ ከገመዱ ጎን ወደ ታች እንዲንጠለጠል ትቶት ወረደ። መምህር ተከተለው። በጎበጠ ጣት ቀጭን ገመድ መያዝ ይከብዳል፤ ገመዱንና ጭራውን አንድ ላይ ጨበጠ፤ መዳፉ ላይ ሁለት ሰንበር አለ። ክብደቱ ጭራው ላይ ሲያርፍ ቋጠሮው ተፈታ። የዚያን ጊዜ ከታች የቆመው ሰው ጮኸ። ‹መምህር!› ብሎ አይደለም። ጋሼ ለመንገደኛም ይባላል፤ ‹ወንድም ጋሼ› ግን ልጅ ሲደነግጥ ከቤቱ ሰው የሚጠራው ነው። መምህር የማንም ወንድም አልነበረም። ጩኸቱን ሰምተው ከጥግ ከሮጡት ውስጥ ታላቅ ወንድም የሚሆን ሽማግሌ አንድ ነው።»

ንጉሡ እጆቹን ከኪሱ አወጣ። የገመድ መላጥ በሁለቱም መዳፎቹ ላይ ደርቋል። ሰው እንዲያያቸው ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው፤ ያ አዳራሽ የሚሞላው ድምፁ ግን ከየት እንደሚያመጣው ጠፋው።

«ሳስር መምህር አየኝና ሳቀ» አለ። «በክፋት አይደለም። ‹እጅህ የወንድምህን ሙያ አልረሳም፤ መቼ ነው እሱን ለሰው ወንድሜ ነው የምትለው?› አለኝ። ፊቴ ነደደ። ያን ፊቴን እንዳያይብኝ ቸኩዬ ወረድኩ። ጭራውን… ጭራውን ረሳሁት። ወንድም ጋሼ ያንን ከሁሉ በፊት ነበር ያስተማረኝ። መምህር ሁለቱን ሲጨብጥ አየሁት። እስክጮህ ድረስ አለቀ።»

«ከዚያ ወዲያስ?» አለች መርማሪዋ። «ሦስት ቀን አፍ ነበረህ።»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ ካልኩ፣ እንዴት አወቅህ ይሉኛል። ከየት ተማርክ፣ ማን አስተማረህ…» ራሱን ወዘወዘ። «ያልተናገርኩበት ምክንያት ይኼ ነበር። ይኼው ብቻ። ስሰማው አሁን እኔኑ ያስጠላኛል።»

 ጋሽ ገመድ የወደቀውን ወንበር አነሣ፣ ቦታው መለሰው፣ ከዚያ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ጠፋውና የወንበሩን ጀርባ ይዞ ቀረ።

መኪናው ተዋናዩን ይዞ ሊሄድ ሲል ሽማግሌው ተከተለ። ጠባቂው በክንዱ አገደው። «አባት፣ ዘመድ ካልሆኑ አይሳፈሩም። ምኑ ነዎት?»

ጋሽ ገመድ ለዓመታት ሲመልሰው የኖረውን ሊመልስ አፉን ከፈተ። «የሥራ ባልደ…»

«ታላቅ ወንድሜ ነው» አለ ንጉሡ ከውስጥ። ተዋናይቷም፣ የማረፊያው ሠራተኞችም፣ ፖሊሶቹም ሰሙት። ሽማግሌው ግን አልተደሰተም። እንዲህ ባለ ቀን በመባሉ ያፈረ ይመስል፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

አቧራው ሲረጋ መርማሪዋ ዞረች። መንገድ መሪው ከረጢቱን እንደ ያዘ እዚያው ቆሟል።

«ነፃ ነዎት፣ ጋሼ። ቤትዎ ይግቡ እንጂ።»

«ምን ብዬ?» አለ። «እኔ ነኝ ብዬ ነግሬያቸው የለም? ትልቁ ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄደም። ታች መቆሙንስ ቢሆን አልቆምኩም፤ እሱን ማን ይፍቅልኛል?»

መርማሪዋ ስልኳን አውጥታ ሰጠችው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው አገኘው። ሚስቱ አነሣች። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ልጆቹን ጥሪልኝ» አለ። «ሁሉንም። አንድም እንዳይቀር።»